የተዛወረው ዋርካ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሐይቅ ዳር እየተቀመጠ ዛፍ የሚሥል። የትናየት፣ ይህን የምነግርሽ «ልጄን ትኩሳት ከያዘው ስምንት ቀኑ ነው፤ ዝም ብለሽ ከረምሽ ብለው እንዳይቆጡኝ ለሐኪሙ ሦስት ቀኑ ነው ብል ምን አለበት?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ሰውየው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሚያየውን እንዳየው ያሰፍራል፤ ውኃ ሥሩን ያጠበውን ሾላ፣ ደንገሉን፣ ጭቃውን ሳይቀር። አንድ ቀን ጀልባ የሚገባበትን ዳርቻ ሲሥል ግን ከመግቢያው በላይ ያለው ወረቀት ባዶ ሆነበት። ትልቁ ዋርካ ያለው ራቅ ብሎ፣ ውኃ ከሸፈነው ቋጥኝ ፊት ለፊት ነበር። እሱን አምጥቶ መግቢያው ላይ ተከለው። አማረለት። በማግሥቱ ረሳው።

ከማዶ የመጣ ቀዛፊ ሥዕሉን አየ። «ጋሼ፣ ይህችን ይስጡኝ። ሚስቴንና አራስ እኅቷን ላመጣ ነው፤ አገሩን አላውቀውም፣ መግቢያውን እንዳልስት» አለው። ሠዓሊው ደስ ብሎት ገንጥሎ ሰጠው።

ከሦስት ቀን በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጀልባው ሴቶቹን ይዞ ብቅ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቋጥኙ። ዳር የቆሙት ቢጮኹ ነፋሱ ድምፃቸውን መለሰው።

«ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?»

«ጠላ ቤት ውሎ ነው እንጂ!» አለ አንዱ።

ሠዓሊው ያን ጊዜ ገባው። ቀዛፊው ምልክት አድርጎ የያዘው ዋርካውን ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ሰውዬው አልጠጣም። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለና ነጠላውን እንደለበሰ ውኃ ውስጥ ገባ። ዋኝቶ ቋጥኙ ላይ ወጣና ቆመ። ቀዛፊው ከሐይቁ መካከል ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደረሰ ሰው ሲያይ፣ እዚያ ምን እንዳለ የሚነግረው አላስፈለገውም። ባለ በሌለ ጉልበቱ ጀልባውን ጠመዘዘ። ጀልባው ጎኑን ተፍቆ አለፈ። ማዕበሉ ግን ሠዓሊውን ድንጋዩ ላይ ጥሎ እግሩን ሰበረው።

አየሽ የትናየት፣ እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያማረ መስሎት ነው። ሐኪሙም የልጅሽን ውስጥ አያየውም፤ አንቺ በነገርሽው ነው የሚቀዝፈው። አምስቱን ቀን ብትደብቂው መድኃኒቱን ለሌላ በሽታ ይሰጥሻል፤ ያን ጊዜ ጀልባው ውስጥ ያለው ልጅሽ ነው። ይቆጣሽ፤ ቁጣ ያልፋል። ተነሺ፣ ልጁን እኔ አዝልልሻለሁ፤ አንቺ ስምንት ቀን ብለሽ ንገሪው።