ዘነቡ ትቅመስ

ነይ ሙሽራዪት፣ እዚህ ተቀመጪ። ፍሪጁን አትሰኪ ስላልኩሽ አታኩርፊኝ። ለመንደራችን አዲስ ነሽ፤ የጠፋው መብራት እስኪመጣ ምክንያቱን ልንገርሽ። እናንተም ስሙ። ስትሰሙት ኖራችኋል፣ ቢሆንም ስሙ።

ዘመኑ ሩቅ ነው። ኩራዝ ገና ከየቤታችን ሳይወጣ፣ መብራት ወደ መንደራችን ወደ ዋርካ በር በእንግድነት የገባበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን እትዬ ዘነቡ የምትባል አሳላፊ ነበረች። ድግስ ባለበት ሁሉ ጠላ የምትቀዳው እሷ ነበረች። ቴሌቪዥን የላት፣ ራዲዮ የላት፤ ያላት አንድ ማንቆርቆሪያና አንድ አምፖል ነበር። ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ሁልጊዜ ትቀምሳለች። ወጉ ነዋ፤ ጠላው ክፉ ነገር ቢኖርበት አስቀድሞ የሚያገኘው አሳላፊዋን ነው።

መብራቱ ይጠፋል፣ ይመጣል። ሲመጣ መንደሩ በሙሉ "መጣ!" ብሎ ይጮኻል፣ ያለውንም ሁሉ ይሰካል። የእህል ነጋዴው አቶ ድንቁ ልጁን ሲድር በመንደሩ የመጀመሪያ የሆነውን ቴሌቪዥን ገዝቶ ለእንግዶቹ ሊያሳይ አስቀመጠ። መብራት ጠፋ። መብራት መጣ። አቶ ድንቁ ሮጦ ሰካ። ኃይሉ በዝቶ ኖሮ ቴሌቪዥኑ ጧ አለና ጭስ ተፋ። እትዬ ዘነቡ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ ነበር።

"ሳትቀምሱ ለእንግዳ ትሰጣላችሁ እንዴ?" አለች።

ሳቅንባት። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

እሷ ግን አምፖሏን በሽቦ አንጠልጥላ በየደጁ መዞር ጀመረች። መብራት ሲመጣ አስቀድማ አምፖሏን ታበራለች። ክሩ ቀልቶ ከፈዘዘ ኃይሉ አንሷል። ነጭ ሆኖ ካፈጠጠ በዝቷል። ቢጫ ሆኖ ከረጋ ደህና ነው። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መኩሪያ ራዲዮውን ሊሰካ ጠራት። አምፖሉ ቢጫ ሆነ። "ደህና ነው፣ ስካ" አለችው። ሰካ። ጥቂት ቆይቶ ኃይሉ ዘለለ፣ ራዲዮው ተቃጠለ። እትዬ ዘነቡ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ቀመስኩ እንጂ አልቆየሁም" አለች። ከዚያ በኋላ አምፖሉን አብርታ፣ በቤቱ ላለ ሰው ሁሉ ውኃ ትቀዳለች። የመጨረሻው ሰው ጠጥቶ እስኪጨርስ አምፖሉ ከረጋ ያን ጊዜ "ስኩ" ትላለች። አለዚያ አትልም።

ሦስተኛው የእኔ ጉድ ነው። ጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገባ፣ ሕፃናት ሞቱ። ክትባት በበቅሎ ተጭኖ ጤና ጣቢያችን ደረሰ። ከታቢው የሚደርሰው በማግስቱ ነው፤ ክትባቱ የመጣበት በረዶ ደግሞ ቀልጦ እያለቀ ነው። ያለችን አንዲት ፍሪጅ ናት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እኔ የዘጠኝ ወር ልጄን አቅፌ ከሌሎች ወላጆች ጋር ቆሜያለሁ። ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬ ነበር።

መብራት መጣ። ዘበኛው ፍሪጇን ሊሰካ ሲል እትዬ ዘነቡ ሶኬቱ ፊት ቆመች። አምፖሏን አበራች። ቢጫ ሆነ። "ደህና ነው! ደህና ነው!" ብለን ጮኽን። እሷ ማንቆርቆሪያዋን አነሣች። በመዳፏ ቀመሰች፣ ለአንዷ ቀዳች። ቀመሰች፣ ለሌላዋ ቀዳች።

"መድኃኒቱ እየሞቀ ነው! ልጄን ልትገድያት ነው!" አልኩና ገፋኋት። ውኃው ፈሰሰ። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የቀረውን ቀዳችልኝ።

"ጠጣ" አለችኝ።

ጣሳውን ከአፌ ሳላወርድ አምፖሉ ነጭ ሆኖ አፈጠጠና ፈነዳ። ያን ቀን በመንደሩ የተሰካ ሁሉ ተቃጠለ፤ የወፍጮው ሞተር እንኳ አልተረፈም። ፍሪጇ ግን አልተሰካችም ነበር።

ዘበኛው የጤና ጣቢያውን አምፖል አውጥቶ ሰጣት። እንደገና ቀመሰች፣ እንደገና ቀዳች። አሁን ማንም አልጮኸም። ሁላችንም ጠጥተን ስንጨርስ አምፖሉ እንደረጋ ነበር። "ስኩ" አለች። ፍሪጇ ማጉረምረም ስትጀምር እግሯ ላይ ወደቅሁ።

"ልጅህን ደህና አድርገህ ያዝ፣ ትወድቅብሃለች" አለችኝ። ስለ አምፖሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ልጄ በማግስቱ ተከተበች። ይቺ አማትሽ እሷ ናት። ባልሽም የእሷ ልጅ ነው። የእትዬ ዘነቡን ነፍስ እግዜር ይማርልኝ፣ ይህ ቤት በሙሉ የእሷ ነው።

ዛሬ ኃይሉን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር የምትሉት መጥቷል፤ እኛም ገዝተናል፣ ያውልሽ። ቢሆንም በዋርካ በር መብራት ሲመጣ ተሯሩጦ የሚሰካ የለም። አምፖል ይበራል፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ውኃ ይቀዳል፣ "ዘነቡ ትቅመስ" ይባላል።

ይኸው መጣ። አምፖሉም ቢጫ ነው። በይ ማንቆርቆሪያውን አንሺ። በመዳፍሽ ቅመሺና ከአማትሽ ጀምሪ። በዕድሜ ቢሆን መጀመሪያ የሚቀዳው ለእኔ ነበር፤ ግን እኔን መጨረሻ አድርጊኝ። ያን ቀን የገፋኋት እኔ ነኝ።