በር የሌላት የደረቅ ውሃ ጸሎት ቤት

በደረቅ ውሃ ቆላ ያለችው የሉተራኖች ጸሎት ቤት በር የላትም፤ በበሩ ቦታ የተንጠለጠለው ሰሌን ነው። እንግዳ ሲያያት ይስቃል፤ እኔም ስስቅ ኖሬ፣ ሽማግሎቹ ነገሩን ካጫወቱኝ ወዲህ ከመሳቄ በፊት ሰሌኑን አያለሁ።

እንደሚነገረው፣ የዛሬዎቹ ምዕመናን አያቶች ከደጋ የተሰደዱ ናቸው። ያገራቸው ገዢ አዲስ ሃይማኖት አመጣችሁብኝ ብሎ ጸሎት ቤታቸውን ሲያቃጥል የተረፈው የዋንዛ በሩ ብቻ ነበር። ሌላ ስደተኛ ዘርና ድስት ይሸከማል፤ እነሱ በር ተሸከሙ። ከክብደቱ የተነሣ ያለፉበት ኮረብታ ሁሉ ጎብጦ ቀርቷል ይባላል፤ ካላመናችሁ ሄዳችሁ ኮረብቶቹን እዩ።

ቆላ ደርሰው በማሽላ አገዳ ጸሎት ቤት ቢሠሩ በሩ ግድግዳውን ይዞት ወደቀ። በጭቃ ቢሠሩ ማገሩን ምስጥ ጨረሰው፤ በሩን ግን ቀምሶ ተወው። ሦስተኛውን በድንጋይ ጀምረው ጣሪያ ሳይደርስ የንዳድ በሽታ ገብቶ ሰዉን ፈጀው። ባገሩ ከእሾህ በቀር እንጨት ስላልነበረ ሬሳው በሰሌን እየተጠቀለለ ይቀበር፣ ጅብም እየቆፈረ ያወጣው ነበር።

አዴ ብርቂቱ የምትባል ሴት ባሏ ሲሞትባት፣ በሩን ወደሚጠብቁት ወደ ሽማግሌው ተርፋሳ ሄዳ መቃብሩን የምትከድንበት አንድ ሳንቃ ከበሩ ለመነች። ሽማግሌው በሩ የጌታ ነው፣ ካገራችንም የቀረን እሱ ብቻ ነው ብለው ከለከሏት። በማግስቱ ከባሏ የተገኘው አንድ እግር ነበር ይባላል።

ወር ሳይሞላ የተርፋሳ ልጅ ዲንቄ ሞተች። ሽማግሌው መጥረቢያ ይዘው በሩ ዘንድ ሲደርሱ ብርቂቱን ተደግፋው ተቀምጣ አገኟት።

«አባ ተርፋሳ፣ በሩ የጌታ የነበረው ለእኔ ባል ብቻ ነው?» አለቻቸው።

መጥረቢያውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ተነሺልኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ከባልሽ ነው የምጀምረው።»

በሩን ፈልጠው የመጀመሪያውን ሳንቃ በዚያች አንድ እግር መቃብር ላይ አጋደሙ፤ የቀረውንም በየሙታኑ አፈር ላይ አከፋፍለው ዲንቄ ዘንድ ሲደርሱ እንጨቱ አለቀ። እንደማይበቃ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር የሚሉ አሉ። ብርቂቱ የምትተኛበትን ሰሌን አምጥታ ልጅቱን ጠቀለለችላቸው፤ እሳቸውም አፈሩ እስኪጠነክር ከመቃብሩ አልተነሡም።

ኋላ ሰሌን ሠርተው ሊመልሱላት ቢሄዱ፣ «መሬቱን ለምጄዋለሁ፤ ባዶው የጸሎት ቤት በር ላይ ስቀሉት» አለቻቸው። በሳምንቱ እሳቸውም በንዳዱ ሞቱና ምዕመናኑ ያንኑ ሰሌን አውርደው ጠቀለሏቸው። በምትኩ አዲስ ሠርታ የሰቀለችው ብርቂቱ ናት።

ከዚያ ወዲህ ከምዕመናኑ ሰው ሲሞት የበሩ ሰሌን ይወርድና ጎረቤት ሌላ ይሠራል። የብረት በር እንስጣችሁ ያሉ እንግዶች ነበሩ፤ አሮጊቶቹ አመስግነው መለሷቸው። እናንተም በዚያ ስታልፉ ሰሌኑ አርጅቶ ተበጣጥሶ ካያችሁት እንደ ልባችሁ ሳቁ፤ ሰዉ ደኅና ከርሟል ማለት ነው። ቅጠሉ ገና ያልደረቀ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ እለፉ። ባለፈው እሑድ እኔ ሳልፍ አረንጓዴ ነበር።