እሸት ያልቀመሰው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥያቄህን ረስቼው አይደለም፣ ዘውገ። ወፍጮህን ለልጅህ አስረከብህ፤ ልጆችህም «ከእንግዲህ ዕረፍ» አሉህ። አንተ ደግሞ «ማረፍ እንዴት ነው የሚደረገው? ከተቀመጥኩ ወዲህ ይበልጥ ደከመኝ» ብለህ ጠየቅኸኝ። ለዚህ አጭር መልስ የለኝም። ስለዚህ የገበሬውን ነገር ስማ።

ይህ ገበሬ ከምንም ተነሥቶ ነው ሰው የሆነው። ከአባቱ የወረሰው አንድ በሬና ድንጋይ የበዛበት ቁራጭ መሬት ነበር። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ እንደ እሱው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጀ። ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መሬት እያረሱ ብዙ ክረምት አሳለፉ። መቀናጆ የሆኑ ሰዎች ከወንድማማች ብዙም አይርቁም። አንዱ ሲታመም ሌላው የሁለቱንም ያርሳል፤ የአንዱ በሬ ሲያነክስ የሁለቱም ቤት ይጨነቃል።

ገበሬው አንድ ጠባይ ነበረው። እሸት አይበላም፤ አያስበላምም። በመስከረም ማለቂያ ባቄላው ለምልሞ ፍሬው ሲሞላ ሌላው ሰው ሁሉ ማሳው ዳር ቆሞ እየፈለፈለ ይበላል። መንገደኛ እንኳ ገብቶ ቢቀጥፍ ሌባ አይባልም። እስኪጠግብ መብላት ይችላል፤ ነውሩ ይዞ መሄዱ ነው። የአገሩ ልማድ ይህ ነበር። ገበሬው ግን ልማዱን የሚያየው በሒሳብ ነበር። ዛሬ በለጋነቱ የተበላ ፍሬ በኅዳር ጎተራ አይገባም። ጎተራ ያልገባ ዘር አይሆንም፤ ክፉ ቀን ቢመጣም አይደርስም። ሚስቱ «ልጆቹ እንኳ ትንሽ ይቅመሱ» ስትለው «በኅዳር ሙሉውን ይበላሉ» ይላታል። ኅዳር ሲመጣ ደግሞ «ለክረምት ይቀመጥ» ይላል። ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም፤ ይህን እወቅለት። እንዲህ እያለ ነው ሁለተኛውን በሬ የገዛው።

ሁለተኛው በሬ ቤቱ በገባ ዓመት መቀናጆው አላስፈለገውም። አልተጣሉም። አንድ ቀን ግን ጎረቤቱ ከገበያ ሲመለስ፣ እንደ ወትሮው በማሳው መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ አቋረጠና ጥቂት እሸት ቀጥፎ መፈልፈል ጀመረ። ገበሬው ከአረሙ ቀና ብሎ አየው።

«እሱን ተወው» አለው።

ጎረቤቱ የሚቀልድ መሰለው። «ምኑን?»

«እሸቱን። ገና አልደረሰም።»

«ለመብላት ደርሷል እኮ፣ ወንድሜ።»

«ለጎተራ አልደረሰም።»

ጎረቤቱ አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ። በእጁ የቀረውን በድንበሩ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ደርድሮ አስቀመጠና «ይኸው፤ እንዳይጎድልብህ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከገበሬው ቤት እህል አልቀመሰም። ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም ሰላምታ ይሰጣጣሉ። «እንዴት ከረምክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባባሉ በኋላ ግን የሚጨምሩት የላቸውም። ገበሬው ነገሩን በልቡ አልያዘውም። ሥራ ነበረበት።

ዓመታት አለፉ። የገበሬው ጎተራ ሁለት ሆነ፤ ሦስትም ሆነ። ልጆቹ አድገው እርሻውን ተረከቡት። እሱም ጉልበቱ ከዳውና ቤት ዋለ። ያን ሁሉ ያጠራቀመው ለዚህ ጊዜ ነበር፤ ጊዜውም መጣ። ጠዋት ይነሣል፤ ጎተራዎቹን ዞሮ ያያል፤ ደጅ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ዞሮ አይቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሲያርስ የማያውቀው ድካም መጣበት፤ እንቅልፍ የማይወስደው፣ አጥንት ውስጥ የተኛ ድካም።

ሚስቱ ምሳ ስታቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። ምን ወጥ እንደ በላ ብትጠይቀው አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የበላው በጥድፊያ፣ ዓይኑን ማሳው ላይ አድርጎ ነበርና የሚስቱን እጅ ጣዕም ለይቶት አያውቅም። ቆሎ ቢቆላለት ደግሞ ድዱ አይችለውም። ከሁሉ ይልቅ የገረመው ይኸኛው ነው። ለእርጅናዬ ብሎ ያስቀመጠው እህል በጎተራ ሞልቷል፤ ግን ደረቅ ነው። እሱ ደግሞ ጥርስ የለውም።

ሌላም ነገር ነበር። አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ስለ ዳለቻ አነሣ። ዳለቻ ያ የመጀመሪያው በሬው ነው። እንዴት ያለ በሬ እንደ ነበረ፣ በጭቃ ላይ እንዴት እንደሚረግጥ ነገራቸው። ልጆቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ትልቁም ስለ ማዳበሪያ ወሬ ቀጠለ። ገበሬው ዳለቻን ያየ ሰው በአገሩ ማን እንደ ቀረ በልቡ ቆጠረ። ሚስቱ ያገባችው ዳለቻ ሞቶ በሌላ በሬ ከተተካ በኋላ ነበር። ሌሎቹ ሞተዋል። የቀረው ያ ጎረቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ሚስቱ ሞታበት በልጁ ቤት በምራቱ እጅ ይጦራል፤ ሳሉም ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ገበሬውን ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘው። ያ ሰው ከሄደ እሱ ዳለቻን ጠምዶ ያረሰ ሰው መሆኑን የሚመሰክርለት አይኖርም፤ ከጎተራ ጠባቂ ሌላ ምንም ሆኖ እንደማያውቅ ሆኖ ይቀራል።

እናም በለመደው መንገድ ሄደ። ትልቁን ልጁን ጠርቶ አንድ ጆንያ ባቄላ አሸክሞ ወደ ጎረቤቱ ላከው። ልጁ ጆንያውን እንደ ተሸከመ ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«‹ለአባትህ እግዜር ይስጥልኝ በለው፤ እኔ ግን ጥርስ የለኝም› አለኝ።»

ገበሬው ተናደደ። ለሚስቱም «ጆንያ ሙሉ ልኬለት መለሰልኝ፤ ሰውየው ኩራቱ አልለቀቀውም» አላት።

ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል «አንተዬ፣ የከለከልኸው ጆንያ ነበር እንዴ?» አለችው።

እሱም ተነሥቶ ከቤት ወጣ።

ከቤቱ ጀርባ አንዲት ጓሮ ነበረችው። ልጆቹ እርሻውን ሲረከቡ ለራሱ ያስቀራት እሷን ብቻ ነው። ለደስታ ብሎ አይደለም፤ የዘር ባቄላ ነበር የሚያበቅልባት። በየዓመቱ ከዘሩ ትልልቁን፣ ነቀዝ ያልነካውን እየመረጠ ያቆየው ዘር ነው። ልጆቹ በሰኔ የሚዘሩት ከእሷው ነው። ወቅቱ መስከረም ማለቂያ ስለ ነበር ባቄላው ፍሬ ይዟል።

በማግሥቱ ገበሬው ጓሮው ገባ። አንዱን ግንድ ያዘና ቆመ። እጁ እምቢ አለው። ያን ያህል ዘመን እሸት ነቅሎ የማያውቅ እጅ ነው። ከዚያ ጎንበስ አለና ነቀለ፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ነቀለ። ደህና አድርጎ እስኪታቀፍ ድረስ ከነሥሩ ነቅሎ፣ አፈሩን እንኳ ሳያራግፍ በመንገዱ ተሻገረ።

ጎረቤቱ በግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ገበሬው ሸክሙን ከፊቱ አኖረና አጠገቡ ተቀመጠ። መቀመጡም ቀላል አልነበረም፤ ጉልበቱ ቋ አለ። ጎረቤቱ እሸቱን አየ። ቀጥሎ ሥሩን አየ።

«ይህ የዘር ባቄላህ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ልጆችህ ለከርሞ ምን ሊዘሩ ነው?»

«እነሱ ያስቡበት። እኔ ደከመኝ።»

ጎረቤቱ እጁን አልዘረጋም። ገበሬው አንዱን ቀጥፎ ሊፈለፍልለት ሞከረ። በመሃሉ ቢጫነው ቅርፊቱ ተጨፍልቆ ፍሬው ውስጡ ቀረ። ሌላ አነሣ። እሱንም አበላሸው። ጎረቤቱ እስከ ሦስተኛው ድረስ አየና ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ባቄላ ስትዘራ አርጅተህ መፈልፈል እንኳ አታውቅበትም?»

«ማን አሳይቶኝ?»

«ወዲህ አምጣው። ጫፉን ቀንጥሰህ ወደ ታች ሳበው። እንዲህ። በጉልበት አይደለም።»

ቅርፊቱ ተከፈተ። ጎረቤቱ ፍሬዎቹን በመዳፉ ይዞ ትንሽ አያቸውና አንዱን ወደ አፉ ከተተ። በድዱ ቀስ አድርጎ አላመጠው። ሌላውን ወደ ገበሬው አፍ አቀረበለት። ገበሬው ጎረሰ። ለስላሳ ነበር፤ ውኃ ውኃ፣ ትንሽም ጣፈጥ ይላል። ድድ ይችለዋል።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለ።

«እንዲህ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር።»

እየተቀባበሉ በሉ። ገበሬው ሁለት ሦስት ቅርፊት ካበላሸ በኋላ አወቀበት። ከዚያ «ዳለቻን ታስታውሰዋለህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መልሱን እንደሚፈራ ሰው።

«ያንን ሰነፍ?» አለ ጎረቤቱ። «የሁለቱንም ድርሻ የሚጎትተው የእኔ ቦራ አልነበር? ያንተ በሬ ለአጀብ ነበር የሚሄደው።»

«ዳለቻን ነው ሰነፍ የምትለው?»

«ዳገት ሲያይ የሚተኛ በሬ ምን ልበለው? ቀሲስ ልበለው?»

እስከ ቀትር ተከራከሩ። ምራቱ የተጣሉ መስሏት እጇን ሳትታጠብ ከቤት ወጣች። ሁለቱም ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር፤ እሷም ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ በምርኩዝ እየተደገፈ ወደ ጓሮዋ መምጣት ጀመረ። ባቄላው በነበረበት ጎመን ተከሉ፤ ነጭ ሽንኩርትም ጨመሩ፤ በየሰኔው ደግሞ ለእሸት የሚሆን ባቄላ ይዘሩባታል። ሁለቱ ተባብረው ጠዋቱን ሙሉ የሚያርሙትን አንድ ጎረምሳ ጥርሱን እየፋቀ ይጨርሰዋል። አንዱ ሲያርም ሌላው ተቀምጦ ያዝዛል፤ ሲደክማቸው ይለዋወጣሉ። ሲጨርሱ ገበሬው ያመጣውን ጎመን በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ለሚስቱ ይቀነጥስላታል። እሷም መጀመሪያ ከእግሯ ሥር እንዲነሣላት ትፈልግ ነበር፤ በኋላ ግን ጨው ቅመስልኝ ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ወጡን ቀምሶ «ዛሬ በሶብላውን አሳንሰሻል» አላት። ማማሰያዋን ይዛ ዞር ብላ አየችው። ካገባችው ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

ድካሙ ለቀቀው ብዬ አልዋሽህም። አልለቀቀውም፤ እርጅና ነው። ብቻ ማታ ላይ ከምን እንደ ደከመ ያውቃል።

ሁለቱ አብረው ሦስት ዓመት እሸት በሉ። በአራተኛው ዓመት ባቄላው ሲደርስ ጎረቤቱ አልነበረም። ገበሬው ብቻውን ጓሮ ገባ፤ ቀጥፎ ፈለፈለና ለሚስቱ ወሰደላት። እንዴት እንደሚፈለፈል ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ዘውገ፣ ሦስት ነው። ስንት ሊሆን ይችል እንደ ነበር አስልቼዋለሁ፤ አልነግርህም፤ አንተ ራስህ ታሰላዋለህ። ይህን ታሪክ ስነግርህ «ገበሬው ማጠራቀሙ ጥፋት ነበር» ለማለት አይደለም። ጎተራው ልጆቹን አሳድጓል። የአንተም ወፍጮ ቤትህን አቁሞልሃል፤ ማንም አይቀማህም። ስሕተቱ ዕረፍትም እንደ እህል ጎተራ ገብቶ የሚጠብቀው መስሎት መቆየቱ ነው። ዕረፍት እሸት ነው። ጊዜው ሲያልፍ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ የሽማግሌ ድድ አይችለውም። መብላቱም መማር ይፈልጋል፤ አንተ በሰባ ዓመትህ ተቀምጠህ የደከመህ ስላልተማርከው ነው። የሚያስተምርህ ደግሞ እኔ አይደለሁም። አንድ ቀን ጊዜ አጥተህ ከማሳህ ያስወጣኸው ሰው ነው።

ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ስናገር ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። በሐሳብህ ጆንያ እያሰናዳህ ከሆነ ተወው፤ ይመልስልሃል። ለራስህ ከምትሳሳለት ነገር ትንሽ ያዝና ራስህ ሂድ። ካላናገረህ አጠገቡ ተቀመጥ። ነገም ሂድ።

በል ተነሥ አሁን። እኔንም ጓሮ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ካረፈድኩበት አረም ነው እያለ ቃሪያዬን ይነቅልብኛል።