የተነቀሉት እሾሆች

አንድ ጊዜ፣ የማለዳው ጤዛ ገና ሳይረግፍ፣ እመት ጃርት ከጉድጓዷ ብቅ ስትል አባ ኤሊን ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው። ኤሊ በማለዳ የሰው ደጅ የሚደርሰው ሌሊቱን ሲጓዝ ካደረ ነው፤ ሽማግሌን ሌሊቱን የሚያስጉዝ ወሬ ደግሞ መልካም አይደለም። አንገቱን ወደ ድንጋዩ ሲሰበስብ አየችና ሳይናገር ገባት።

«ባሌ ነው?» አለች።

«ድንች ማሳው ዳር ወጥመድ ነበረ… በርቺ፣ ልጄ። እግዜር ያጽናሽ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ልጆቿ ከውስጥ «አባዬ መጣ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ባሏ አያ ጃርት አንድ ልማድ ነበረው። ሐሳብ ብልጭ ባለለት ቦታ ሁሉ ከጀርባው አንድ እሾህ ይነቅልና እዚያው ግድግዳው ላይ ይሰካል። ዝናብ በሚገባበት ጥግ አንድ፣ ሴት ልጁ መጀመሪያ በእግሯ የቆመችበት አንድ፣ «እዚህ ጋ ጓዳ ብቆፍርስ?» ብሎ ባሰበበት አንድ። የእያንዳንዱ ትርጉም ግን ያለው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ሲመጣ የት ይደገፍ?» ትለው ነበር።

«ቆይ ብቻ! አንድ ቀን ይዤሽ እዞርና የሁሉንም እነግርሻለሁ።»

«እስከዚያ እሾህህ አልቆ መላጣ ትሆናለህ!»

ይሳሳቁና ያልፉታል።

ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀርባው በቀይ አፈር ተለውሶ መጣ። «ነይማ፣ የቆፈርኩትን ላሳይሽ» አላት። «ጠላት ከፊት ቢመጣብን በኋላ የምንወጣበት ነው። አፉን በስሱ ደፍኜ እሾህ ሰክቼበታለሁ።»

እመት ጃርት ሥራሥር እየላጠች ነበር። ቀና ብላ እንኳ በደንብ አላየችውም። «ቤቱን በቀይ አፈር አጨማለቅከው! አሁን እጄ ሥራ ይዟል፤ ነገ ታሳየኛለህ» አለችው። ነገ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ።

ከለቀስተኞቹ ሁሉ ድምፁ የጎላው ቀበሮ ነበር። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ይመታል፤ ዓይኑ ግን ጓዳውን ይለካል። ያን የሞቀ ጉድጓድ ከተመኘው ቆይቷል። እመት ጃርት ሙሾዋን ስታወርድ፣ «ማምለጫ ቆፍሮልኝ፣ እሾህ ሰክቶልኝ፣ ሳላየው የቀረሁ!» ስትል ጆሮውን አቆመ። ሰዉ ሲበተን ጠጋ አለና፣

«እቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ የሟች ነገር እንዲህ በየግድግዳው ተበትኖ ማየት ያሳዝናል። ለቅመሽ አንድ ቦታ ብታስቀምጪው ምናለ? ነገ ልጆቹ ሲያድጉ ‹የአባታችን ነው› ይላሉ» አላት።

አባ ኤሊ ከጥግ ሆኖ ሰማ። «ልጄ፣ እሱ የሰካውን ባትነኪ ይሻላል። ለምን እንደሰካው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባቴ። ግን በዞርኩበት ሁሉ እያየሁት እንዴት ልደር?»

ነቀለቻቸው። አንድ በአንድ እየሳመች ነቀለቻቸውና በሐረግ አስራ መኝታዋ አጠገብ አኖረቻቸው። ከዚያ ለተዝካሩ እንግዳ ቤቱ ደህና ሆኖ ይቆይ ብላ ግድግዳውን በጥቁር ጭቃ ለቀለቀችው። የእሾሆቹ ቀዳዳ ሁሉ ተደፈነ። ቤቱ እንደዚያ አምሮ አያውቅም ነበር።

ቀበሮ ይህን እንዳየ ወደ ጅብ ሮጠ።

«አያ ጅቦ! ሦስት ጃርት፣ አንድ በር። ሁለተኛው በር የት እንዳለ ባለቤቷም አታውቀው።»

«አንተስ ምን ልታገኝ ነው?» አለ ጅብ።

«እኔማ ቤቱ ይበቃኛል።»

«ቤት ይበላል እንዴ? አይ ሞኝ!» ጅብ በሳቅ ፈረሰ። ድንገት ግን ሳቁን ገታ። «እሾሁስ?»

«እሾሁ የባልየው ነበር። እሱ ደግሞ ሞቷል።»

ጅብ አሰበ፣ አሰበና አመነ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጉድጓዱን አፍ ይቦጫጭር ጀመር። «እመት ጃርት፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት!»

«ለቅሶ የሚደርስ በጥርሱ ይቆፍራል?»

«ከሐዘኑ ብዛት እጄ ዝሎብኝ ነው!»

እመት ጃርት ልጆቿን ይዛ ወደ ውስጥ ሸሸች። ግድግዳውን ዳበሰች፤ ከላይ እስከ ታች ልስልስ ያለ ነው። አንድ እሾህ፣ አንድ ቀዳዳ እንኳ የለም።

«እማዬ፣ የአባዬ በር የት ነው?» አለች ልጅቱ።

«አላውቅም፣ የኔ እናት።» ይህን ቃል ከአፏ ማውጣት ከመርዶው ቀን ይልቅ ከበዳት።

የጅብ ትንፋሽ እየቀረበ ሲመጣ፣ ያ የተቆጣችበት አፈር ትዝ አላት። የቤታቸው አፈር ጥቁር ነው፤ እሱ የመጣው ግን በቀይ ተለውሶ ነበር። የለቀለቀችውን በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር። ጥቁር። አሁንም ጥቁር። መኝታዋ ራስጌ፣ የእሾሁን እስር ባስቀመጠችበት በኩል ፋቀች፤ ቀይ! በጭንቅላቷ ብትገፋው ተናደና ብርሃን ገባ። ልጆቿን አስቀደመች።

የጅብ አፍ ጓዳው ደርሷል። እመት ጃርት እስሩን አነሳች። ይዛው ልትወጣ አሰበች፤ ግን ቀዳዳው እሷንና እስሩን አብሮ አያሳልፍም። አንዴ ሳመችውና ወደ ኋላዋ ወረወረችው።

«ሥጋ!» ብሎ ጅብ በሙሉ አፉ ገመጠው። «ኧረ ባልየው! ኧረ ባልየው አልሞተም! ይኸው እዚህ አለ!»

ሲዘል ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታ፤ ያ ዝናብ የሚያስገባው ጥግ ተደርምሶ ቤቱን ይዞት ወረደ። ጅብ ከአፈሩ ውስጥ እንደ ምንም ወጣና ምላሱ በእሾህ እንደተሰካ ደጅ ሲጠብቅ የነበረውን ቀበሮ ማሳደድ ያዘ። «ሞቷል ያልከኝ ነው የወጋኝ! ና አንተ ውሸታም!»

ልጆቹ ሳቁ። እመት ጃርት ግን ጉብታው ላይ ቆማ፣ «ባልየው አልሞተም» የሚለው ጩኸት እየራቀ ሲሄድ አለቀሰች። ቤቱ የለም፤ እሾሆቹም የሉም። የሚናደውን ጥግ ያመለከተው የትኛው እንደነበር አሁን የሚነግራት ማንም የለም። እጇን ከሥራሥሩ አንስታ አንድ ጊዜ ብትከተለው ኖሮ!

በሌላ ተራራ ሥር አዲስ ጉድጓድ ቆፈረች። እሷም ከጀርባዋ እየነቀለች ትሰካለች፤ በሰካች ቁጥር ግን ልጆቿን ትጠራና ለምን እንደሆነ ትነግራቸዋለች፣ መልሰው እስኪነግሯትም አትለቃቸውም። የመጀመሪያውን እሾህ የሰካችው ደጃፏ ላይ ነው።

«ይህቺስ የምንድን ናት?» አለች ልጅቱ።

«የአባታችሁ። በዚህ ያለፈ ሁሉ ‹ነፍሱን ይማር› እንዲልለት።»

እናንተም በዚህ ተረት በኩል ስታልፉ፣ ለአያ ጃርትና በየቤታችሁ ለጎደሉት ሁሉ ነፍስ ይማር በሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ እንዳንረሳ ብለን በየቦታው የተውነውን ምልክት ትርጉሙን ለምንወዳቸው በጊዜ ካልነገርናቸው፣ እነሱም ሥራቸውን አቁመው ካልጠየቁን፣ ምልክቱ ከእኛ ጋር እንደሚቀበር ነው።