የእትዬ የሻረግ ሻወር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ እግዜር ደግ ደጉን ያሰማችሁ።

ሙሉሸዋ የዐሥራ አምስት ቀን አራስ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልጇ ደረቅ ግድግዳ። ከላይኛው ፎቅ፣ ከእትዬ የሻረግ ሻወር ሰርጎ የሚወርደው ውሃ ግድግዳዋን አበስብሶታል። ክፍሏ አንድ ናት፤ ወዴት ታሽሸው? ሕፃኑ ይስላል።

ያስጠራችው ሴራሚክ ለጣፊ ዳምጠው አማትቦ ወደ እትዬ የሻረግ ሻወር ወጣ። የተሰነጠቀውን ሴራሚክ ነቀለና አዲሱን፣ «ተለጠፍ» አለው።

«ውሃ መከላከያው ቅብ ሳይቀባ? አልለጠፍም።»

ቅቡን፣ «ያዝ» አለው።

«እርጥብ ግድግዳ ላይ? አልይዝም።»

ቅቡ አይይዝ፣ ሴራሚኩ አይለጠፍ፤ ሕፃኑ ይስላል።

ግድግዳውን፣ «ስለ እመብርሃን፣ ድረቅ» አለው።

«ውሃው ሳይቆም አልደርቅም።»

ውሃውን፣ «ቁም» አለው።

«የቧንቧው መዝጊያ ተከፍቶ? ምን በወጣኝ!»

ውሃው አይቆም፣ ግድግዳው አይደርቅ፣ ቅቡ አይይዝ፣ ሴራሚኩ አይለጠፍ፤ ሕፃኑ ይስላል፣ ሲስል ፊቱ ይጠቁራል።

መዝጊያውን፣ «ተዘጋ» አለው።

«ሳጥኔ ተቆልፏል። ቁልፉ እትዬ የሻረግ ጋ ነው።»

እትዬ የሻረግ ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።

«አልሰጥም!»

«ምነው እትዬ? ልጁ እኮ ሊሞት ነው!»

«ሲወለድ እልልታውን በወለሉ ሰማሁ። የገንፎው ቅቤ በመስኮት ሸተተኝ። ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ በላ። እኔ የዚህ ፎቅ ድመት ነኝ?»

ቁልፉ አይወጣ፣ መዝጊያው አይዘጋ፣ ውሃው አይቆም፣ ግድግዳው አይደርቅ፣ ቅቡ አይይዝ፣ ሴራሚኩ አይለጠፍ። የሕፃኑ ሳል እላይ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ዳምጠው «አቤቱ!» እያለ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ሙሉሸዋ ልጁን አቅፋ ጀርባውን ትመታለች። ትንፋሹ እንደምንም ተመለሰ።

«እትዬ የሻረግን ለገንፎው ስለምን ሳትጠሪያቸው ቀረሽ?»

«አስጠርቻለሁ እንጂ! እህቴ ሦስቴ አንኳኩታ ነበር። ሻወሩ ሲንሿሿ አልሰሙም።»

ዳምጠው ተመልሶ ወጥቶ ይህንኑ ነገራቸው። እትዬ የሻረግ ክው አሉ።

«ታዲያ ያስቀየመኝ ውሃው ነዋ! አንተ፣ ምን ትገተራለህ? እንካ ቁልፉን!»

ቁልፉ ወጣ፣ መዝጊያው ተዘጋ፣ ውሃው ቆመ፣ ግድግዳው በስንት ቀኑ ደረቀ፣ ቅቡ ያዘ፣ ሴራሚኩ ተለጠፈ። እስኪደርቅ ድረስ እናትና ልጅ የከረሙት እላይ፣ እትዬ የሻረግ አልጋ ላይ ነው። ገንፎውንም የሚያገነፉት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ሕፃኑ ቤቱ ወርዶ፣ ደረቁ ግድግዳ ሥር ተኛ። አልሳለም።

እኔም ተረቴን አደረስኩ፤ የእናንተንም ግድግዳ እሱ ያድርቅላችሁ።