ሰርዶው ይብቀልልኝ ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የዘሯን ስም አጥፍታ ከሄደች ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እንደ እሷ የማታስብ አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። እመት አህዪት ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ተሸክማ ጀርባዋ ከተላጠ በኋላ፣ በስተርጅና ምንጭ ያለበት አንድ መስክ ይዛ ተቀመጠች። ሰርዶው ቀጭን ነው፤ ግን በጋም አያደርቀው። ይህን መስክ ለአንድ ልጇ ለዳለቺት ማቆየት ነበር ሐሳቧ ሁሉ።

ችግሩ ዓይኗ ነው፤ ሞራ ጋረደው። በዚያ አገር ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የአራዊት ሽማግሌዎች ድንበር ይዞራሉ። ባለመስኩ ወይም ወኪሉ የድንበሩን ድንጋይ አንድ በአንድ ያሳያል፤ ማሳየት ያልቻለ መስኩ የወል ግጦሽ ይሆንበታል። እመት አህዪት ዘንድሮ እንኳን ድንጋዩን የራሷን ኮቴም አታይ።

ጥቅምት ላይ ዳለቺት ለጨው ልትወርድ ስትል እናቷ ጠራቻት።

«ልጄ፣ ከመሄድሽ በፊት ዳኛው ዘንድ፣ ዋርካው ሥር እንሂድና ውክልና ልስጥሽ። ዛሬ ዓይኔ ከዳኝ፤ ነገ ደግሞ ልቤ ይከዳኝ ይሆናል። አንደበቴ ሳይያዝ ነገሩ ይለቅ።»

ዳለቺት ጆሮዋን ጣለች። «ምነው እማ፣ ምን ሟርት ታመጪብኛለሽ? ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።»

«ብኖርም ዕውር ሆኜ ነው።»

«በይ ተይው። ስመለስ እንነጋገራለን።»

አንገቷን በእናቷ አንገት አሻሽታ ሄደች። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ ሞትን በስሙ የጠራ ይመጣበታል ብላ ፈርታ ነው። እናትየው ይህን ታውቃለችና አልተቆጣቻትም። የኮቴዋ ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያ አለቀሰች።

የአሮጊት ችግር ሽታ ሳይኖረው አይቀርም፣ ድንበር የሚዞርበት ቀን ዋዜማ ላይ አያ ጅቦ ከች አለ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሰላምታውንም ሳይጨርስ ይበላት ነበር። ግን ቀበሮ አብራው ናት፤ መንገድ ላይ ስትመክረው ነው የመጣችው። «ዛሬ ብትበላት የአንድ ቀን እራት ነው። ወኪሏ ብትሆን ግን መስኩም፣ ውኃ ልጠጣ ብሎ የሚመጣውም ሁሉ ያንተ ነው» ብላዋለች።

«እንዴት ሰነበቱ እመት አህዪት? ዓይንዎ እንዴት ነው?» አለች ቀበሮ፣ ድምፅዋን ማር ቀብታ።

«ያው እንዳየሽው ነው፤ እኔ እንኳ አላየሁትም።»

«አያ ጅቦ በጉርብትና ዓይን ልሁንልዎ ይላል። ‹መስኬን እንዲጠብቅ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በእኔ ስም ሁሉን እንዲያደርግ› ይበሉና ኮቴዎን ጭቃው ላይ ያሳርፉ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ድንጋይ ለማሳየት መሸጥ መለወጥን ምን አመጣው?»

«ኧረ የተለመደ አነጋገር ነው!»

በዚህ መሐል ጉሮሮ ዋጥ ዋጥ ሲያደርግ ተሰማ። «አያ ጅቦ ምን እየዋጠ ነው?» አለች እመት አህዪት።

«እንባውን ነው፤ አዝኖልዎት» አለች ቀበሮ።

እመት አህዪት ዓይኗ ቢጠፋ ጆሮዋ አልጠፋ፤ የአህያ ጆሮ ደግሞ ትንሽ አይደለም። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ዋርካው ሥር ምሩኝ፤ የምናገረውን እዚያ እናገራለሁ» አለቻቸው። ዘወር ሲሉላት ወደ ምንጩ ዳር ሄዳ ድንጋዮቹን በአፍንጫዋ ነካ ነካ አደረገች። እዚያ ሥር ድንበሩን ሁሉ የምታውቅ እትዬ ኤሊ ትኖራለች።

«እትዬ ኤሊ፣ ዋርካው ድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?»

«አሁን ከተነሳሁ ነገ እደርሳለሁ።»

«በይ ተነሺልኝ።»

በማግስቱ ዋርካው ሥር አራዊት ተሰበሰቡ። ዳኛው አንበሳ ነው። ቀበሮ ያዘጋጀችውን ቃል እንደ ውዳሴ ስታወርድለት አንበሳ አስቆማት። «ውክልና ከሰጪው አፍ ነው የሚሰማው» አለ። «አያ ጅቦ፣ መጀመሪያ አንተን ልጠይቅ። የዚህች ሴት ወኪል የምትሆነው እስከ መቼ ነው?»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። «እስክትሞት ልጠብቅ እንጂ ጌታዬ። ከዚያማ መስኩም የእኔ፣ ሥጋዋም የእኔ።»

ቀበሮ ፊቷን በጅራቷ ሸፈነች።

«ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል» አለ አንበሳ። «ከሞት በኋላ የሚሠራው ኑዛዜ ነው።»

«ታዲያ እኔ ሳልቀምሳት እዚህ ድረስ የመራኋት ለምንድን ነው?» አለ አያ ጅቦ። የምሩን ነው የጠየቀው።

እመት አህዪት ወደ ድምፁ ዞረች። «ለመራኸኝስ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ከዚያ ቃሏን ተናገረች። «ለዛሬ ብቻ፣ የድንበሬን ድንጋዮች እትዬ ኤሊ ታሳይልኝ። አትሸጥም፣ አትለውጥም። ልጄ ስትመጣ የቀረውን ከልጄ ጋር እጨርሳለሁ።» ኮቴዋን እርጥቡ ጭቃ ላይ አሳረፈች፤ እትዬ ኤሊም፣ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ገና መድረሷ ነበርና እያለከለከች፣ እግሯን አጠገቡ አኖረች። በእመት አህዪት ጀርባ ተቀምጣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ መስኩ ተመለሰች። ሰባቱን ድንጋዮች አሳይታ እስክትጨርስ ፀሐይ ጠለቀች፤ ሽማግሌዎቹም በረሃብ አዛጉ። መስኩ ግን ተረፈ።

ታኅሣሥ ላይ ዳለቺት ጨው ተሸክማ ተመለሰች። የሆነውን ሁሉ ስትሰማ ጭነቷን እንኳ ሳታራግፍ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ጓደኛዬን ‹ጭነትሽን አጥብቂ› አልናት። ‹ገና ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ› አለች። የጨው ጭነቷ ገደል ገባ፤ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። እኔም አንቺን ‹ተይው› ያልኩሽ ትዝ አለኝና መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ መጣሁ።»

«ጭነት የሚያጠብቁት አፋፍ ላይ ነው ልጄ። ሟርት አይደለም» አለች እናት፣ ግንባሯን እየላሰች።

ነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ዋርካው ሥር ሄዱ። «በሕይወቴ ሳለሁ ዓይኔም እግሬም ልጄ ዳለቺት ትሁን» አለች እመት አህዪት። «ሳትነግረኝ ግን አትሸጥም። ብታጠፋ ደግሞ ቃሌን መልሼ እወስዳለሁ።»

ዳለቺት ወደ እናቷ ጠጋ አለች። ከዚያ የፈራችውን ቃል ራሷ አወጣችው። «ስትሞቺስ እማ?»

«ኑዛዜዬን ደግሞ አሁኑኑ እናገራለሁ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶው ይብቀል፤ አንቺ ትግጪዋለሽ።»

ሁለቱ ኮቴ ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ታተመ። እናት ማየት ስላልቻለች ጎንበስ ብላ በከንፈሯ ዳሰሰችው፤ የልጇ ኮቴ ከእሷ ኮቴ በልጦ አገኘችው። ደስ አላት።

ከዚህ የምንማረው ጭነት ከመላላቱ በፊት እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ውክልናም ልብና አንደበት ሳይደክሙ፣ ወሰኑ በግልጽ ተነግሮ፣ ለሚጎመጀን ሳይሆን ለሚወደን መሰጠት እንዳለበት ነው።