ለሙሽራ የተቆረሰው ወረዳ

በኢንዶኔዢያ አንዲት ደሴት ላይ፣ ዘመዱ ባገባ ቁጥር ወረዳ ቆርሶ የሚሸልም አገረ ገዥ ነበር አሉ። ዘመዱ ብዙ ነውና ክፍለ ሀገሩ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆራርሶ አለቀ። የወንድሙ ልጅ ሲያገባ የተረፈው የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጎጆና ጥቂት የኮኮናት ዛፍ ብቻ ነበር። እሱም ወረዳ ተባለ፤ ጎጆዋም ዋና ከተማ ሆነች።

በምረቃው ቀን ዓሣ አጥማጁ ሳያጨበጭብ መረቡን መጠገን ቀጠለ።

«አንተ ሰውዬ!» ሲል ጮኸ አገረ ገዥው፤ «አሁኑኑ ካላጨበጨብክ ወህኒ ትወርዳለህ!»

ዓሣ አጥማጁ መረቡን አስቀመጠ። ተነሥቶም እጅ ነሣና፣

«ጌታዬ፣ ለእኔስ ግድ የለም፤ ያሳዘነኝ ሙሽራው ነው» አለ። «የወረዳውን ሕዝብ በሙሉ አስረውበት፣ እሱ ማንን ሊያስተዳድር ነው?»